የመንገድ ዳሯ ዘፋኝ ደመወዝ

የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ስንሰማ አድገናል። ጥያቄው የአስተዋይ መሪ ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሕዝቡን አላዳመጠም ብለን መውቀስ በፈለግን ቁጥርም ይህንኑ አባባል እንመዝዛለን። ይሁንና ከዚህ አባባል ጀርባ እስከ ዛሬ ያልተጠየቀ ሌላ ጥያቄ አለ። አዝማሪው የሚለውን ካለ በኋላ ምን በልቶ አደረ? አዝማሪዋ ሴት በሆነች ጊዜ ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ድርብ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ጉዳዩ የኪነት ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛ መብት ጉዳይ ነው፤ ስለሆነም የፖለቲካ ጉዳይ ነው።

ቦዲቲ ከሻሸመኔ በሐላባ ቁሊቶና በሾኔ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ከዚያም ወደ አርባ ምንጭ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንዲህ ያለች ከተማ ኑሮዋ ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩና ረዳቱ፣ ነጋዴው፣ ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመላለሰው የመንግሥት ሠራተኛ ይበሉባታል፣ ይጠጡባታል፣ ያድሩባታል። በአገራችን እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚጀምር አንድ ሥራ አለ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ሞንታርቦ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንዲት ዘፋኝ፤ የሥራው መሣሪያ ይኸው ነው። ዘፋኟ የእንግዳውን አነጋገር ሰምታ አገሩን ትለያለች፤ አገሩን ለይታ ዘፈኑን ትመርጣለች። ከአማርኛው ወደ ወላይትኛው፣ ከወላይትኛው ወደ አፋን ኦሮሞው ትሻገራለች። የተጣላውን ታስታርቃለች፣ የሰከረውን በግጥም ታበርዳለች፣ ያዘነውን ታባብላለች። ይህ ሁሉ ሙያ ነው።

ክፍያውስ? በብዙው ቤት ክፍያው ሽልማት ነው፤ እንግዳው ደስ ሲለው በግንባሯ ላይ የሚለጥፈው ብር። ደስ ካላለው የለም። የቤቱ ባለቤት ትርፉን ከቢራው ያገኛል፤ ቢራው የሚሸጠው ግን እርሷ ስለዘፈነች ነው። ውል የላትም፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ የላትም፤ የጡረታ መዋጮ የሚከፍልላት የለም። ታማ ብትተኛ በማግስቱ በቦታዋ ሌላ ትቆማለች። ዕድሜዋ 50 ቢሞላ እንኳ የ20 ዓመት ጎረምሳ «አንቺ» እያለ ይጠራታል። በእኛ ባህል አንቱታ የዕድሜና የክብር መለኪያ ነው፤ መሸታ ቤት ውስጥ ግን ዕድሜም ሙያም ከበሩ ላይ ይቀራሉ።

ይህ ሁኔታ የቦዲቲ ወይም የአንድ ክልል ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ታሪካቸው በቂ የሆነ አንዲት ታላቅ ሴት አሉን፤ አርቲስት አስናቀች ወርቁ። በአዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት አስናቀች በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴአትር መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የሴት ገጸ ባሕርያትን ሴት መስለው የሚጫወቱት ወንዶች እንደነበሩ ያስታውሷል። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት፣ በተዋናይነት፣ በድምፃዊነትና በክራር ተጫዋችነት ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አገሪቱ የክራር እመቤቷን አጣች ተባለ።

ክራሩን ለብቻው እንመልከተው። በሰሜኑ ባህላችን በገና የዳዊት መሣሪያ፣ የጸሎትና የትካዜ ዕቃ ተደርጎ ሲከበር፣ ክራር ግን የፍቅርና የመሸታ፣ አልፎም የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ሲወቀስ ኖሯል። በገናን መሳፍንትና መነኮሳት ሲደረድሩ፣ ክራር በጠጅ ቤት ጥግ ተቀመጠ። እንግዲህ ክራር ያነሣች ሴት ሁለት ፍርድ ነበር የሚጠብቃት፤ አንዱ በመሣሪያዋ ምክንያት፣ ሌላው በሴትነቷ ምክንያት። አስናቀች ሁለቱንም ፍርድ ተሸክመው ነው መድረክ ላይ የቆዩት።

የውጭ አገር ጸሐፍት ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» እያሉ መጥራት ይወዳሉ። በበኩሌ አነጻጻሪዎቹ የሳቱት ነገር ያለ ይመስለኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው ቅኝቶች ናቸው፤ ብሉዝ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። እውነተኛው ተመሳሳይነት ያለው ከቅኝቱ ይልቅ በቤቱ ነው፤ ማለትም የት እንደሚዘፈን፣ ማን እንደሚዘፍነው፣ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያተርፍ በሚወስነው ሥርዓት።

ይህንን ለማየት ወደ አሜሪካ ደቡብ ጥቂት እንሻገር። በዚያም ከከተማ ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር የሚገኝ መሸታ ቤት ነበር፤ በዚያም ብሉዝ የሰይጣን ሙዚቃ ይባል ነበር። ቤሲ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1923 ለኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ መዝፈን ሲጀምሩ የተከፈላቸው ለአንድ የሸክላ ገጽ 125 ዶላር ነበር፤ ከሽያጩ ድርሻ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ሸክላቸው ግን በመቶ ሺሕዎች ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1937 በሚሲሲፒ በአውራ ጎዳና ቁጥር 61 ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። በመንገድ የኖሩት ሴት በመንገድ ቀሩ። መቃብራቸው ከ1937 እስከ 1970 ድረስ፣ 33 ዓመት ሙሉ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። በመጨረሻ ወጪውን የሸፈኑት ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊንና ጁዋኒታ ግሪን የተባሉ ሴት ነበሩ።

ያንን የቤሲ ስሚዝን የመጀመሪያ ሸክላ ዘፈን ከደረሱት ሁለት ሴቶች አንዷ የነበሩት አልበርታ ሃንተር ታሪካቸው ከዚህም ይልቅ ለጉዳያችን ይቀርባል። ሃንተር ራሳቸውም ዝነኛ ዘፋኝ ነበሩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማይክሮፎኑን አስቀምጠው በነርስነት ተቀጠሩ፤ ለ20 ዓመታትም በኒው ዮርክ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ አስታመሙ። በ1977 ሆስፒታሉ ለጡረታ ዕድሜ ደርሰዋል ብሎ ሲያሰናብታቸው፣ ዕድሜያቸውን ቀንሰው አስመዝግበው ስለነበር፣ እውነተኛው ዕድሜያቸው 82 ነበር። በዚያው ዓመት ወደ መድረክ ተመለሱ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ጽናት ተምሳሌት ይነገራል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፤ ዓለም ያወቃት ዘፋኝ መደበኛ ቅጥርና ጡረታ ያገኘችው ዘፈኗን ስትተው ነው።

አሁን ወደ አስናቀች እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በክራራቸው የተቀረጹት ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ሆነው በፈረንሳይ ታተሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወታቸው የሠሩት ጥናታዊ ፊልም ለዕይታ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ፣ ካረፉ ከ7 ዓመት በኋላ፣ የ1970ዎቹ ሥራቸው በአንድ የአሜሪካ አሳታሚ ዳግም ወጣ። ይህንን የምዘረዝረው አሳታሚዎቹን ለመክሰስ አይደለም፤ እነርሱ ባይኖሩ ብዙው ነገር በተረሳ ነበር። ለማለት የፈለግሁት፣ የአስናቀችን ዕድሜ ልክ ሙያ አጽንቶ የያዘው ከሸክላው በፊት ቴአትር ቤቱ መሆኑን ነው። የአንድ ተቋም ባልደረባ ነበሩ። ስማቸው በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር። ክራር የሚመቱ፣ ድምፃቸው ከእርሳቸው የማያንስ ስንት ሴቶች ከጠጅ ቤቱ ወደ ቴአትር ቤቱ የሚወስደውን በር ሳያገኙ ቀሩ? ስማቸውን የሚነግረን የለም፤ ምክንያቱም መዝጋቢ አልነበረም።

መንግሥት ሌሊቱን ሲዘጋስ? በደርግ ዘመን ለረጅም ዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሙዚቃ ምን እንዳደረገው የዘመኑ ሰዎች ይመሰክራሉ። በአዲስ አበባ በካዛንቺስና በአካባቢው የአዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን የፈሉት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ደግሞ የምሽት ክበቦች እንዲዘጉ ታዘዘ። ትእዛዙ ተገቢ ነበር እንበል። ግን የጸጥታ ወይም የጤና እርምጃ በተወሰደ ቁጥር ገቢዋን በአንድ ሌሊት የምታጣው ሠራተኛ ስንት ናት ብሎ የቆጠረ አልነበረም። በመዝገብ የሌለን ሰው መቁጠር አይቻልምና።

«ሕግ የለንም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል፤ ነገር ግን ትኩረቱ በደራሲው ላይ ነበር እንጂ በዘፋኟ ላይ አልነበረም። ዘፋኟ በሕግ «ከዋኝ» ተብላ የራሷ መብት ያገኘችው በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ የከዋኝ መብት ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ በጋራ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ተጨመረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውል በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ አሠሪው የውሉን ዝርዝር በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳንም ይከለክላል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተሻሽሏል፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ።

እንግዲህ የጎደለው አዋጅ አይደለም። የጎደለው ዘፋኟን «ሠራተኛ» ብሎ የመጥራት ድፍረት ነው። በዚያው ቤት ምግብ የምታበስለዋና የምታስተናግደዋ ሴት ቢያንስ በወር የምትቀበለው ደመወዝ አላት፤ ማይክሮፎን የያዘችው ግን የቤቱ እንግዳ ይመስል በሽልማት ትኖራለች። ደመወዝ የሌላት ሠራተኛ ከምኑ ላይ 7 በመቶ ይሰላል? ያልተጻፈ አገልግሎትስ እንዴት 10 ዓመት ሞልቶ ለጡረታ ያበቃል?

ለዚህ ሐሳብ የሚሰነዘሩት መቃወሚያዎች ቀላል አይደሉም፤ ሦስቱን በቅደም ተከተል እመለከታለሁ።

አንደኛው የእምነት መቃወሚያ ነው። በወላይታ ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሚሲዮናውያን ሶዶ ከገቡ ወዲህ የወንጌል እምነት በወላይታ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ከዚያ ምድር የወጣው መዝሙርም በመላ አገሪቱ የሚደመጥ ታላቅ ሀብት ነው። በዚህ ማኅበረሰብ ዘንድ በመዝሙርና በዘፈን መካከል ያለው ድንበር የጠበቀ ነው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት»ን ይቆጥራል። የግሪኩ ቃል የሚያመለክተው ስካር የተቀላቀለበትን የሌሊት ፈንጠዝያ እንጂ ሙያን እንዳልሆነ የሚከራከሩ አሉ፤ ያንን ለነገረ መለኮት ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዘፈንን ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሠራተኛን ያለ ደመወዝ ማሠራትስ ምን ይለዋል? የደመወዝን መከልከል በብርቱ ቃል የሚያወግዘው ያው መጽሐፍ ነው። የቢራ ፋብሪካው ወዛደር ውልና ጡረታ ሲኖረው የቢራውን ጠጪ የምታስደስተዋ ባዶ እጇን የምትቀር ከሆነ፣ ጉዳዩ የቅድስና አይደለም። በዚያ በአሜሪካም ቢግ ማማ ቶርንተን የተባሉት የብሉዝ ዘፋኝ የሰባኪ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸውም በቤተ ክርስቲያን ይዘምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ለ7 ሳምንታት በዝርዝሩ አናት ላይ ለቆየው ሸክላቸው፣ እርሳቸው እንደተናገሩት፣ ያገኙት 500 ዶላር ብቻ ነው። የሸክላው ነጋዴ ዘፈኑ የሰይጣን ነው ብሎ ትርፉን አልመለሰም።

ሁለተኛው የሥነ ምግባር መቃወሚያ ነው፤ «ዘፋኝነቱ ሽፋን ነው፣ ዋናው ሥራ ሌላ ነው» የሚለው። ይህ አነጋገር መንሥኤንና ውጤትን ያገላብጣል። ገቢዋ በሙሉ በአንድ ሰካራም ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ሰካራሙን «እጅህን ሰብስብ» ለማለት አቅም የላትም። የሌሊት ክፍያዋ አስቀድሞ የተወሰነ ሴት ግን አቅም አላት። ክብሯን የሚጠብቅላት ስብከታችን ሳይሆን ውሏ ነው።

ሦስተኛው የባለቤቶቹ መቃወሚያ ነው። የመንገድ ዳር መሸታ ቤት ባለቤት ባለጸጋ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቷ ራሷ ከዚያው ሕይወት የወጣች ሴት ናት። ቋሚ ደመወዝ ልክፈል ብትል ቤቷን ልትዘጋ ትችላለች። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም የማቀርበው ሐሳብ በዚህ ልክ የተመጠነ ነው።

የመጀመሪያው፣ በአንድ ገጽ ወረቀት የሚያልቅ የሌሊት ውል ነው። ዝቅተኛው የሌሊት ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ሽልማቱ ሙሉ በሙሉ የዘፋኟ ወይም በስንት የሚካፈል እንደሆነ፣ ሥራው በስንት ሰዓት እንደሚያበቃና ወደ ቤቷ የሚያደርሳትን ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። የወረዳውና የከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዎች የውሉን ናሙና አዘጋጅተው ቢያሠራጩ ወጪው የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሮያሊቲን ይመለከታል። የመንገድ ዳር ዘፋኝ የሌሎችን ሥራ ትዘፍናለች፤ ስለሆነም የሮያሊቲ አሰባሰቡ በተጠናከረ ቁጥር አንድ ቀን ዕዳው በእርሷ ላይ እንዳይወድቅ እሰጋለሁ። ከፋዩ ዘፈኑን ለንግድ የሚጠቀምበት ቤት መሆኑ ግልጽ ይሁን፤ ክፍያውም ለትንንሽ ቤቶች የሚቀመስ ይሁን። እርሷ በክወናዋ መብት ያላት ከዋኝ ናት፤ በስልክ ተቀርጾ በየማኅበራዊ ገጹ የሚለጠፈው ድምፅና ምስሏም የእርሷ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነው።

ሦስተኛው የእኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ድርሻ ነው። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ቢሮዎቹ ቅርብ ናቸው፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አለ። የእነዚህን ሴቶች ዘፈን፣ ከነስማቸው፣ በፈቃዳቸውና በክፍያ፣ ቀርጾ ማኖር የሚያስፈልገው አንድ መቅረጫና ጥቂት ተማሪዎችን ነው። ስለ ጊፋታ በዓል ጥናት ስናቀርብ በበዓሉ የሚዘፍኑትን ልጃገረዶች «የባህል እሴት» ብለን እናወድሳለን፤ ያቺው ልጃገረድ ከጥቂት ዓመት በኋላ በመንገድ ዳር ቤት ማይክሮፎን ስትይዝ ግን ከጥናታችን ትወጣለች። ድምፁ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው።

ውድ አንባብያን፣ በአገራችን ኪነ ጥበበኛ ሲሞት ወግ ማዕረግ አይጎድልበትም። የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ አበባ ይቀመጣል፤ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፤ ሐውልት ይቁም የሚል ኮሚቴም ይዋቀራል። ለአስናቀች የተሰጠው ክብር ቢያንስ እንጂ የሚበዛ አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ ማታ በቦዲቲ፣ በሻሸመኔ፣ በሐላባ፣ በአርባ ምንጭ ማይክሮፎን የሚይዙት ሴቶች የሚያስፈልጋቸው ሐውልት አይደለም። የሚያስፈልጋቸው ስንት ሌሊት እንደሠሩ የተጻፈበት ወረቀት ነው። «አዝማሪ ምን አለ?» ብለን የምንጠይቅ ሁሉ፣ ከእንግዲህ «ስንት ተከፈላት?» የሚለውንም እንጨምርበት።